አረንጓዴው ብርጭቆ

ሟቹ የተገኘው በገዛ ሱቁ ውስጥ፣ ከመደርደሪያው ሥር በጎኑ ወድቆ ነው። ግንባሩ ላይ አንዲት ትንሽ እብጠት አለች፤ ሌላ ቁስል የለበትም። የመደርደሪያው በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። ሰው ከእንጨት በር ጋር ስለተጋጨ ብቻ ይሞታል ብሎ ያሰበ አልነበረም፤ የሐኪሙ ቃል እስኪመጣ ድረስ።

«ጭንቅላቱ ውስጥ ደም ፈሷል» አለ ሐኪሙ በስልክ። «ደሙ እንደ ውሃ ቀጥኗል። የደም ማቅጠኛውን ክኒን ከልክ በላይ የዋጠ ይመስላል።»

ክኒኑን ማታ ማታ በእጇ የምትሰጠው ሚስቱ ነበረች። አንድ ፖሊስም እሷን ሊወስድ በር ላይ ቆሟል።

ጉዳዩን የያዘችውን መርማሪ ሰዎች «መርፌ» ይሏታል፤ ቀጭን ስለሆነች ይሁን ስለምትወጋ አይታወቅም። አንድ ደካማ ጎን አላት፤ ሰው ሲያፍር ማየት አይሆንላትም። ያኔ ጫማዋን ታያለች።

«ትንሽ ታገሠኝ» አለችው ፖሊሱን።

ሟቹ ሥጋ ከተወ ብዙ ዘመኑ ነው። ሱቁም ሥጋ ለማይበሉ ሰዎች የሚሆን ነገር ብቻ ይሸጣል፤ የብረት እንክብል፣ ቫይታሚን፣ የደረቀ ሥራሥር፣ የቅጠል ዱቄት። ገዢ ሲገባ «ምን ይጎድልሃል? ሌላስ ምን መድኃኒት ትወስዳለህ?» ብሎ ሳይጠይቅ አይሸጥም ነበር።

«እትዬ፣ እስቲ ክኒኑን ያሳዩኝ።»

ሚስትየዋ ማሸጊያውን ሰጠቻት። የቀረው ክኒን ሲቆጠር ከታዘዘው ጋር ልክ ነበር።

«አልጨመርኩበትም» አለች። «ሐኪሙ መጠኑን ያወጣው የቅጠል ዱቄት በጥብጦ እንደሚጠጣ አውቆ ነው። ቅጠሉ ደም እንዲረጋ ያግዛል፣ ክኒኑ ያቀጥናል። ‹ቅጠሉን እንዳታቋርጥ፣ እንዳታበዛም› ብሎታል። እኔም ሁልጊዜ በአንዲት ማንኪያ ሰፍሬ፣ ሎሚ ጨምቄበት እሰጠዋለሁ።»

«ሰሞኑን የለወጣችሁት ነገር የለም?»

«ምንም። ይኸው፣ የትናንቱ ብርጭቆ እንኳ አልታጠበም።»

መርፌ ብርጭቆውን ወደ መስኮቱ አነሳችው። ከላይ አረንጓዴ ነው፤ ሥሩ ላይ ግን ነጣ ያለ ዝቃጭ ተኝቷል።

የሟቹ ወንድም ከመንገዱ ማዶ ሥጋ ቤት አለው።

«ወንድሙ ጠላቱ ነበር ይሉዎታል» አለ ቢላዋውን አስቀምጦ። «‹ሥጋ ይቅርብዎ› የሚል ሰሌዳ ፊት ለፊቴ ሰቅሎ ደንበኛ ሲያባርርብኝ ኖረ። እኔም ‹በጉም ቅጠል ብቻ ነው የሚበላው፤ መጨረሻው ግን እኔ ዘንድ ነው› እያልኩ እተርበው ነበር።»

«ከዚያስ?»

አንገቱን ደፋ። «ሰሞኑን ድዱ ይደማ ጀመር። ክንዱም ትንሽ ሲነካ ይበልዛል። ደም አንሶት መስሎኝ ጉበት ጠብሼ በጓሮ በኩል ወሰድኩለት። ዞር ብሎ በላ። ወንድሜን በስተርጅና አዋረድኩት። እባክዎ ለሚስቱ አይንገሩብኝ።»

መርፌ ጫማዋን አየች። «መድማት የጀመረው ከጉበቱ በፊት ነው ወይስ በኋላ?»

«በፊት።»

«እንግዲያው ጉበቱ አልገደለውም፤ እርስዎም አላዋረዱትም።»

ሱቁ ውስጥ የምትሸጠው የሟቹ የእህት ልጅ ናት። አጎቷ በደንበኞች ፊት «ጠንቃቃዬ» እያለ ያሞግሳት ነበር።

«የቤቱን የቅጠል ዱቄት የሚያመጣው ማነው?»

«እኔ ነኝ። ከጆንያው እየቀዳሁ።»

«ጆንያው የት ይቀመጣል?»

«እዚያ፣ መስኮቱ ሥር።»

ከመስኮቱ በታች ግድግዳው የውሃ ምልክት አውጥቷል። የልጅቷ ጥፍሮች ዙሪያቸው አረንጓዴ ነው።

መርፌ ሁሉንም ሱቁ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ሁለት ብርጭቆ ውሃ አስቀርባ፣ በአንዱ ከመደርደሪያው ካወረደችው የታሸገ የቅጠል ዱቄት፣ በሌላው ከጆንያው ጨመረች።

«እዩት። እውነተኛው ቅጠል ሲዘቅጥም አረንጓዴ ነው፤ ሣር ሣር ይሸታል። ይሄኛው ቀለሙን ለውሃው ለቆ ሥሩ ነጣ። ቀለም የተነከረ የእህል ዱቄት ነው። ሟቹ መድማት የጀመረው ሰሞኑን ነው፤ ክኒኑ ግን አልተጨመረም። እንግዲህ የጎደለው ቅጠሉ ነው። ክኒኑን የሚመክተው ሲጠፋ የድሮው መጠን በዛበት። ለሌላ ሰው ቀላል የሆነች ግጭት ለእሱ ሞት ሆነች። ቀለም ደግሞ ከጥፍር ሥር ቶሎ አይለቅም።»

ልጅቷ ጥፍሮቿን ደበቀች።

«መስኮቱን ሳልዘጋ ሄድኩ» አለች። «ዝናብ ገባና ጆንያው ሻገተ። ደብቄ ጣልኩት። የታሸገው ተቆጥሮ ስለሚቀመጥ አልነካሁትም፤ አዲሱ እስኪመጣ ብዬ የአተር ዱቄት በምግብ ቀለም አሽቼ በሌላ ጆንያ ሞላሁ። በሰው ፊት ጠንቃቃዬ ይለኝ ነበር፤ እንዴት ብዬ ልንገረው? ቅጠሉ ከክኒኑ ጋር እንደሚያያዝ አላውቅም ነበር።»

ሚስትየዋ ወደ ልጅቷ ዞረች። «ጠዋት ሊወስዱኝ ሲመጡ ‹ይበርድዎታል እትዬ› ብለሽ ሹራብ አቀበልሽኝ። ያኔስ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ያኔማ ጥርጣሬ ገባኝ፤ ግን የባሰ አፈርኩ።»

ሥጋ ሻጩ ፊቱን አዞረ። መርፌ ግን ገና አልጨረሰችም።

«ከዚህ ጆንያ ሌላ ማን ገዝቷል?»

ልጅቷ ፊቷ አመድ መሰለ። «ልብስ ሰፊዋ። እሷም... እሷም ያንኑ ክኒን ትወስዳለች።»

«እኔ ሄጄ ልንገራት» አለ ፖሊሱ።

«አይሆንም» አለች ሚስትየዋ። «የሸጠችው እሷ ናት፤ በራሷ አፍ ትንገር።» ካለች በኋላ ሹራቧን ደርባ፣ ልጅቷን ሳታያት አብራት ወጣች። መርፌና ፖሊሱ ተከተሏቸው።

ልብስ ሰፊዋ ክር በጥርሷ እንደያዘች በሩን ከፈተች። ልጅቷ ወደ ሚስትየዋ ዞረች። ሚስትየዋ አልተናገረችላትም፤ አጠገቧ ቆማ ጠበቀቻት።

«የሸጥኩልዎ ቅጠል አልነበረም» አለች ልጅቷ በመጨረሻ። «አበላሽቼው አፍሬ ነው ቀለም የነካው የአተር ዱቄት የሸጥኩልዎ። አጎቴ በዚሁ ሞተ።»

ልብስ ሰፊዋ ክሩን ከጥርሷ አወጣች። እጅጌዋን ቀስ ብላ ሰበሰበች፤ ክንዷ ከእጅ አንጓዋ እስከ ክርኗ በልዟል።

«እኔ እኮ» አለች፣ «ማሽኑ እየመታኝ መስሎኝ ነበር።»

ልጅቷ ወደ ቤቱ ገብታ፣ ተንበርክካ የሴትየዋን ጫማ ከአልጋው ሥር አወጣችና ታጠልቅላት ጀመር። «ሐኪም ቤት እንሂድ» አለች፤ «እዚያም የምናገረው እኔው ነኝ።»