ባዶው የአኒስ ፎልደር

መብሩካ ነገሩን ልብ ያለችው ልጇ ከታሰረ በሦስተኛው ቀን ነው። ማክሰኞ አኒስ እቤት ሆኖ የዘይት ጠርሙስ መለያዎችን እየሳለ ወደ ማተሚያ ቤቱ ሰርቨር ይልክ ነበር። ጠዋት ሲልክ ስክሪኑን የሁሉም ሠራተኛ ሥራ ሞልቶት አይታለች። ሰባት ሰዓት ላይ ምሳ ስታቀርብለት ግን ሦስት ስዕሎች ብቻ ነበሩ፤ ያውም የእሱ ያልሆኑ።

በሰባት ተኩል የማተሚያ ቤቱ ባለቤት፣ ሁሉም በአክብሮት «ሲ» እያለ የሚጠራቸው ሲ ቲጃኒ፣ ከምድር ቤቱ ደረጃ ሥር ሞተው ተገኙ። አኒስ ሥራ እለቃለሁ ብሎ ከእሳቸው ጋር ተጨቃጭቆ ነበርና እሱ ተያዘ። እቤት ሆኜ ሥራ እልክ ነበር ቢልም፣ በስሙ የተከፈተው ፎልደር ባዶ ሆኖ ተገኘ።

መርማሪዋ ደሌንዳ ያበጠ እግሯን ከጫማዋ አውጥታ አዳመጠቻት።

«ምን ዓይነት ስዕል ነበር፣ እትዬ መብሩካ?»

«አውራ ዶሮ ያለበት። ልጄ ላይ ሊፈርዱበት ነው አይደል? ቁርጡን ንገሪኝ።»

«ኧረ ገና ማንም አልፈረደም። ነገ ማተሚያ ቤት ይምጡ።»

በማግስቱ፣ ከምድር ቤቱ ደረጃ አጠገብ ባለው የሰርቨር ክፍል፣ አኒስ በሁለት ፖሊሶች መሐል ቆመ። ጸሐፊዋ ረፊቃና የሰርቨሩ ኃላፊ ሉጥፊም ነበሩ።

«ረፊቃ፣ ሲ ቲጃኒ ማክሰኞ ምን አዘዙ?» ብላ ጠየቀች ደሌንዳ።

«የደንበኛ ስዕል ሳይታተም ለሌላ ማተሚያ ቤት እየሾለከ ነው አሉ። ለእያንዳንዱ ሰው የራሱ ፎልደር ይለይለት፣ ማንም የሌላውን አይይ ብለው ሉጥፊን አዘዙት። እኔ ለምሳ ወጣሁ።»

«ለየህ፣ ሉጥፊ?»

«የት ደርሼ! ዓሣ ገበያ ነበርኩ። ዓሣው ይመስክር!»

«ዓሣው ዝም ቢል ማሽኑ ተናግሯል» አለች ደሌንዳ በደከመ ድምፅ። «ጠዋት የሁሉም ሥራ አንድ ላይ ነበር። ሰባት ሰዓት ላይ ግን አኒስ ከቤቱ ሆኖ ሰርቨሩ ውስጥ ሲገባ ሌላ ፎልደር ተከፈተለት። በመሐሉ፣ ስድስት ሰዓት ከአርባ ላይ፣ አንድ ሰው እዚህ ወንበር ላይ ተቀምጦ አሠራሩን ቀይሯል። የይለፍ ቃሉን የምታውቁት አንተና ሲ ቲጃኒ ናችሁ። እሳቸው ደግሞ ኮምፒውተር ነክተው አያውቁም።»

«ቴሌቪዥን እንኳ እኔ ነኝ የምከፍትላቸው» አለች ረፊቃ።

«ማን የቱን ፎልደር እንደሚያይ በሚወስነው ዝርዝር ላይ መጀመሪያ የራስህን መስመር ጻፍክ። እሱኑ ለአኒስ ገለበጥክና ስሙን ቀየርክ። ገና የፎልደሩን አድራሻ ሳትቀይር ሲ ቲጃኒ ከኋላህ ሆነው አንተ ጋ የተደበቁትን የአውራ ዶሮ ስዕሎች አዩ፤ ለሌላ ማተሚያ ቤት የምትሸጣቸውን። ሥራው እዚያው ላይ ተቋረጠ። አኒስ የላከው ሁሉ ያንተ ፎልደር ውስጥ ነው የገባው፤ ከቤታቸው የኢንተርኔት መስመር እንደተላከም ተመዝግቧል። ያ ቤት ደግሞ ከዚህ የአንድ ሰዓት መንገድ ነው።»

ሉጥፊ ወንበሩ ላይ ተዘረፈጠ። «ገፋ ነው ያደረግኳቸው። ደረጃው መኖሩን ረሳሁት።»

ማታ አኒስ ተፈቶ እቤቱ ከነጫማው እንቅልፍ ወሰደው። መብሩካ ሦስት ሌሊት ሙሉ፣ ምናልባት ቢመጣ ብላ፣ በሩን ሳትቆልፍ ነበር ያደረችው። አሁንም ተመልሰው ቢወስዱትስ እያለች ደጁን ቃኘች። ከዚያ ቁልፉን ሁለቴ አዞረችው።