በበራ ቁጥር የሚሞተው ኮምፒውተር

ሟቹ ሳሎን ጠረጴዛ ላይ ቆሟል። ጥቁር፣ አዲስ፣ አንዲት ጭረት እንኳ የሌለበት። ገና ከትናንት ወዲያ ነው የተገጣጠመው፤ ግን በበራ ቁጥር ይሞታል። ማራገቢያዎቹ ይዞራሉ፣ ስክሪኑ ቦግ ይላል፣ ሰው «ተመስገን» ብሎ ሳይጨርስ ድርግም!

እናት እጇን በቀሚሷ ላይ ትጠርጋለች፤ እጇ ግን ደረቅ ነው። ልጇ ዛሬ ከሰዓት በኋላ በዚህ ኮምፒውተር የሥራ ፈተና አለባት። ፈተናው እቤት ተቀምጠው የሚፈተኑት ነው፤ መሀል ላይ የተቋረጠበት ሰው ግን ተመልሶ አይገባም። ልጅቷ ከተመረቀች ጀምሮ «እንጠራሻለን» ብሎ የጠራት ይህ አንድ መሥሪያ ቤት ብቻ ነው።

«የመብራቱ ጥፋት ነው!» አለ የእናት ታናሽ ወንድም። ኮምፒውተሩን የገጣጠመው እሱ ነው። ከካውያ እስከ በር ቁልፍ የማይፈታው ነገር ስለሌለ ቤተሰቡ «ኢንጂነሩ» ይለዋል። የፈታውን ሁሉ ይገጥም እንደሆነ የጠየቀው ግን የለም።

«አጎቴ፣ ከትናንት ጀምሮ መብራቱን ከሰስክ፣ ሶኬቱን ከሰስክ፣ ሻጩን ከሰስክ። የቀረህ ጎረቤት ነው» አለች ልጅቷ።

«አንቺ ምላስሽን ለፈተናው ቆጥቢው!»

«እሷን ተዋት!» ብላ እናት ጮኸችበት። «የማታውቀውን ሙያ ይዘህ የልጄን ዕድል ገደልከው። ሁሌም እንደዚሁ ነህ!»

ኢንጂነሩ ከጠረጴዛው ራቀ። ፊቱ ጠቆረ።

እናት ይህን ስትናገር ውስጧ እየተቃጠለ ነበር። ትናንት ጠዋት «አቧራ ይዞታል» ብላ ያንን ሳጥን በእርጥብ ጨርቅ ወልውላዋለች። ውሃ ገብቶበት ቢሆንስ? ለማንም አልተነፈሰችም። ሰው የራሱን ጥፋት ሲፈራ በሌላው ላይ ድምፁ ከፍ ይላል።

በዚህ መሀል የተጠራችው የኮምፒውተር ጠጋኝ ደረሰች። በሰፈሩ «መርማሪዋ» ነው የሚሏት፤ ዕቃ ከመፍታቷ በፊት ሰው ትፈታለች ይባላል። ቦርሳዋን አስቀምጣ ሶፋው ላይ ስትቀመጥ፣ ላስቲኩ ከስሯ ተንኮሻኮሸ። ሶፋው ከተገዛ ቆይቷል፤ ላስቲኩ ግን አልወለቀም። መርማሪዋ የቴሌቪዥኑን ሪሞት አየች፤ በላስቲክ ተጠቅልሏል። የፍሪጁን በር አየች፤ ከፋብሪካ የመጣው ስስ ላስቲክ እንደተለጠፈ ነው።

«መጀመሪያ ሲበራ ቆየ?» ብላ ልጅቷን ጠየቀቻት።

«ኢሜይሌን እስክከፍት ቆየ። ወዲያው መልሼ ሳበራው ግን ገና ሳይነሳ ጠፋ። ዛሬ ጠዋት ደግሞ ትንሽ ተሽሎት ነበር።»

«ሌሊቱን አርፏላ።»

«ሰው ነው እንዴ የሚያርፈው?» አለ ኢንጂነሩ።

«አንተ ዝም በል፣ ተራህ ይደርሳል። ሲጠፋ ይቺ የጠረጴዛ መብራትስ?»

«ሁለቱም አንድ የሶኬት ማከፋፈያ ላይ ናቸው። እሷ ግን ዓይኗንም አላርገበገበችም» አለች ልጅቷ።

መርማሪዋ የሳጥኑን ጎን ከፍታ ኮምፒውተሩን አበራችው። የኮምፒውተሩ አንጎል በሆነው ፕሮሰሰር ላይ በተቀመጠው ማቀዝቀዣ ብረት ላይ ጣቷን አሳርፋ ጠበቀች። ድርግም! ጣቷን ግን አላነሳችም። ቅንድቧ ብቻ ከፍ አለ።

«አሁን ተራህ ነው። ይህን ብረት ከመግጠምህ በፊት ከስሩ ያለውን ላስቲክ ልጠሃል?»

«ልጬዋለሁ! ዓይኔ ይጥፋ!»

«ከላጥከው በኋላ ከጠረጴዛው ተነስተሃል?»

«ካቻቢቴዬ አልገጥም ስላለኝ ልዋስ ጎረቤት ሄጃለሁ። ተመልሼ ብረቱን ገለበጥኩ፣ አጠበቅሁ፣ ጨረስኩ።»

«እቤት ማን ነበር?»

«እህቴ ብቻ።»

«እኔ ምኑንም አልነካሁም!» አለች እናት ሳትጠየቅ። «ሻይ አስቀመጥኩለት፤ የተዝረከረከውን ሰብሰብ አድርጌ ወጣሁ። ከዚያ ያለፈ የለም።»

መርማሪዋ ሰዓቷን አየችና «ሁላችሁም ቁጭ በሉ» አለች። ሦስቱም ላስቲኩ ላይ ተቀመጡ፤ ሶፋው እንደ ደረቅ ቅጠል ጮኸ።

«ገዳዩ መብራት አይደለም። መብራት ቢሆን ኖሮ ጎኑ ያለችው የጠረጴዛ መብራትም አብራው ትጠፋ ነበር። ደክሞ ይሞታል፤ ሲያርፍ ይሻለዋል። ይህ የሙቀት ምልክት ነው። ፕሮሰሰሩ ሲግል፣ ከመቃጠሉ በፊት ራሱን ያጠፋል።»

«ማራገቢያው እየዞረ?» አለ ኢንጂነሩ።

«እየዞረ። እንቆቅልሹም እሱ ነው። ሙቀቱ ወደዚህ ብረት መውጣት ነበረበት፤ ብረቱ ግን በረዶ ነው። ከታች እሳት፣ ከላይ በረዶ። መሀል ላይ የቆመ ነገር አለ።»

እናት ከዚህ በላይ አልቻለችም። ብድግ አለች። «እኔ ነኝ! ትናንት በእርጥብ ጨርቅ ወልውዬዋለሁ! ውሃ አስገብቼበት ነው! ወንድሜ ምንም አላጠፋም!»

«እማዬ!»

«ይቀመጡ፣ እትዬ» አለች መርማሪዋ። «ከውጭ ነው የወለወሉት፤ ውስጡ ጠብታ የለም። ከዚህ ክስ ነፃ ነዎት።»

እናት እፎይ ልትል ስትል መርማሪዋ «ከዚህኛው ብቻ» ብላ ጨመረችና ብሎኖቹን ፈታች። ብረቱን ገለበጠችው። ከስሩ ጥርት ያለ ስስ ላስቲክ፣ ሙቀት የሚያስተላልፈው ግራጫ ቅባት እንደተለቀለቀበት ተለጥፏል።

«አላምንም!» ኢንጂነሩ ራሱን ያዘ። «በእጄ ነው የላጥኩት!»

«እውነትህን ነው። ይኸው ጥጉ ላይ ጥፍርህ ያጎበጠው አለ። ላስቲኩ አንዴ ተነስቷል። ከዚያ ሌላ ሰው መልሶ ለጠፈው፤ ያውም ዳር ከዳር ገጥሞ፣ አንዲት የአየር ቋጠሮ ሳይተው። ለዚህ የሰለጠነ እጅ ያስፈልጋል። አንተ ችኩል ነህ፤ ስትመለስም የላጥከው ስለመሰለህ መልሰህ አላየኸውም። ልጅቷ አልነበረችም። እዚህ ቤት ከአዲስ ዕቃ ላይ ላስቲክ ሲላጥ የሚያመው ሰው ማን ነው?»

ልጅቷና ኢንጂነሩ ወደ እናት ዞሩ። ሶፋው ተንኮሻኮሸ።

እናት ያን ብረት አሁን ነው ያስታወሰችው። እንደ መስተዋት የሚያበራ ነገር፣ ሻዩ አጠገብ ራቁቱን ተኝቶ፤ ላስቲኩም ከጎኑ። «ይጫርበታል፣ ወንዶች ለዕቃ አያዝኑም» ብላ በአውራ ጣቷ እያሻሸች ነው መልሳ የለጠፈችው።

«እንዲጠበቅ ብዬ...» አለች።

ልጅቷ ሳቅና ልቅሶ ተደባለቀባት። «እማዬ፣ ሞቶ አዲስ ከሚሆን አርጅቶ ቢሠራልኝ አይሻልም?»

መርማሪዋ ላስቲኩን ላጠች፣ አሮጌውን ቅባት ጠረገች፣ ከቦርሳዋ አዲስ ጠብ አደረገች፣ ብረቱን መልሳ አጠበቀች። አበሩት። አራቱም ሳይተነፍሱ ጠበቁ። ልጅቷ አንድ ከፈተች፣ ሌላ ከፈተች፣ ፊልም ሳይቀር ከፈተችበት። መርማሪዋ ጣቷን ብረቱ ላይ አሳረፈች።

«ሞቀ» አለች።

የፈተናው ሰዓት ሲደርስ ልጅቷ ሳሎኑ ውስጥ ብቻዋን ቀርታ በሩን ዘጋች። እናትና ወንድሟ ከበሩ ውጭ ቀሩ። ከውስጥ ኪቦርዱ ይንኳኳል።

«የኔ ወንድም፣ በሰው ፊት አዋረድኩህ» አለች በሹክሹክታ።

«ኧረ ተይው፣ እታለም። እኔስ ሳላየው መግጠሜ?»

በድንገት ኪቦርዱ ዝም አለ። እናት የወንድሟን ክንድ ጭምቅ አድርጋ ያዘች። ጠበቁ። ምንም የለም። እጇ ወደ በሩ እጀታ ተዘረጋ፤ እሱ ቀስ ብሎ መለሳት።

«እያሰበች ነው» አላት።

ኪቦርዱ መልሶ መንኳኳት ጀመረ።