አሥር ደቂቃ በአድማው በር

አርያም ዮፍታሄን መጀመሪያ ያየችው ልትሰድበው አፏን ከፍታ ነው።

ፋብሪካው ካልጋሪ ውስጥ፣ ዶቨር ከሚባለው ሰፈር ብዙም የማይርቅ፣ የዳውንታውን ሆቴሎችን አንሶላና ፎጣ የሚያጥብ ግዙፍ የልብስ ማጠቢያ ነበር። ባለቤቶቹ ቶሮንቶ ተቀምጠው ሺፍት በቴክስት የሚሰርዙ ሰዎች ናቸው። ልጇን ለጎረቤት አደራ ሰጥታ፣ ሁለት አውቶቡስ ቀይራ በሩ ላይ ስትደርስ «ዛሬ አትምጪ» የሚል መልእክት ያልጠበቃት ሴት እዚያ አትገኝም። በጥር ወር ስልሳዎቹ ሠራተኞች «የምንሠራበትን ቀን አስቀድመን እንወቅ» ብለው በዩኒየናቸው፣ በሠራተኛ ማኅበራቸው፣ በኩል አድማ መቱ።

ደንቡ እንዲህ ነው፦ አድመኞቹ የሚገባውን መኪና አሥር ደቂቃ ማስቆም ይችላሉ፤ ከዚያ በኋላ መንገድ ይለቃሉ። ኩባንያውና ዩኒየኑ ተፈራርመውበታል። ሰዓት የምትይዘው አርያም ነበረች።

እና ያ ትልቅ ትራክ ቆሻሻ አንሶላ ጭኖ መጣ። ስድቧን በእንግሊዝኛ አሰናድታ ተጠጋች። መስኮቱ ወረደ።

«ጤና ይስጥልኝ፣ እህቴ።»

ስድቡ ከአፏ ጠፋ።

«መስኮቱን ዝጋው፤ ማይነስ ሃያ ሁለት ነው» አለችው።

«አንቺ ውጭ ቆመሽ እኔ ልዝጋ?»

አልዘጋም። አፍንጫው ቀልቶ፣ የሰጠችውን ወረቀት ከላይ እስከ ታች አነበበና ስለ ሺፍቱ፣ ስለ ሠራተኞቹ ልጆች፣ ስለ ሁሉም ጠየቃት። የሚያናድደው ይኸው ነው። አድማ ሰባሪ ጨዋ ሲሆን ሰው በምን ይጠላዋል?

በማግስቱም መጣ። በሦስተኛውም ቀን። ስልክ ቁጥሯን ሲጠይቃት «ለአድማ ሰባሪ ስልክ አልሰጥም» አለችው። ጓንት ሲያመጣላት ጉቦ ነው ብላ መለሰችለት። ከአጠገቧ የነበሩት እትዬ ሃዋ ግን እጃቸውን ዘረጉ። አስመራ በልጅነታቸው የተማሩትን አማርኛ ሳያበላሹ ሠላሳ ዓመት ካልጋሪ የኖሩ፣ ከሁሉም በዕድሜ የሚበልጡ ሴት ናቸው።

«እኔ መርሕ አለኝ፤ እጄ ግን የለውም» አሉና አጠለቁት።

አርያም ቀስ በቀስ ከራሷ ጋር መጣላት ጀመረች። መኪናው አምስት ደቂቃ ሲዘገይ አንገቷ ወደ መንገዱ ይዞራል። ሲያልፍ ደግሞ ቀኑ ያለቀ ይመስላታል። ሌሎቹ ሲረግሙት «ምን ያድርግ? የሥራ ፈቃድ ወረቀቱ ከአሠሪው ጋር የታሰረ ይሆናል፤ እምቢ ካለ አገር ሊያስለቅቁት ይችላሉ» ብላ ትከራከርለታለች። እንዲህ ነው ብሎ የነገራት ሰው የለም። ልቧ ነው የፈጠረለት።

በአራተኛው ሳምንት ከአድመኞቹ አንዷ፣ ፀሐይወርቅ፣ ተሸነፈች። መንታ ልጆቿን ይዛ ኤድመንተን ወንድሟ ጋ ሄደች። ስትሰናበት ያለቀሰችው በአርያም ትከሻ ላይ ነበር።

በስድስተኛው ሳምንት ወልዴ የሚባል ሾፌር አድመኞቹ በሩ ላይ ለሚሞቁት እሳት ማገዶ ይዞ መጣ። ከዮፍታሄ ጋር አንድ ትራክ ድርጅት ነው የሚሠሩት።

«እኛ ሁላችንም ይህን ጭነት እምቢ ብለናል» አላት። «ሥራ የሚመድብልን ዲስፓቸር ማንንም ፎርስ አያደርግም። በየጠዋቱ እኔ እሄዳለሁ የሚለው ያ ልጅ ብቻ ነው። እሱ ባይኖር ሆቴሎቹ ድሮ ይጮኹ ነበር።»

አርያም ደሟ ፈላ። ትራኩ ሲመጣ መስኮቱ እስኪወርድ አልጠበቀችም፤ በሩን በቡጢዋ ደበደበችው።

«አንተ ሰውዬ፣ ወረቀት አለህ?»

«ፒአር፣ ቋሚ ነዋሪ፣ ከሆንኩ ሁለት ዓመቴ ነው። ምነው?»

«ታዲያ ለምን ትመጣለህ?»

ዮፍታሄ ዓይኑን ወደ መሪው መለሰ። ከዚያ «ካልመጣሁ በምን አይሻለሁ?» አላት።

ልጩህ አለች፤ ልሳቅም አለች። ከሁሉ ያናደዳት ደግሞ ደስ መሰኘቷ ነው። ስልሳ ሰው ብርድ ላይ ቆሞ ደስ ይላታል!

«ፀሐይወርቅ በአንተ ምክንያት ሥራዋን ጥላ ሄዳለች» አለችው። «እኔን ለማየት ብለህ የሰው እንጀራ ዘጋህ። ገባህ?»

ፊቱ ሲለወጥ አየች። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ በእርግጥም አልገባውም ነበር። እሱ የመሰለው ማንም የማይፈልገውን ሥራ ለፍቅር ሲል መሸከሙ ነው።

«እኔ ብቀርም ሌላ ሰው የሚያመጣው መስሎኝ…» አለ።

«ሌላ ሰው የለም! አሥር ደቂቃው አልቋል፤ መንገዱ ክፍት ነው» አለችና ገለል አለች። ደንብ ደንብ ነው።

ዮፍታሄ ወደ ፊት አልነዳም። ማርሹን ወደ ኋላ አስገባ። ያንን ረጅም ትራክ ከጠባቡ መንገድ ለማስወጣት ሃያ ደቂቃ ፈጀበት። ሲረግሙት የከረሙት ሁሉ ግራ በል፣ ቀኝ በል እያሉ መሩት።

ከዚያ ወዲያ ትራክ አልመጣም። በአራተኛው ቀን ኩባንያው ሰኞ እንነጋገር ሲል ጻፈ። ሁሉም ጨፈሩ። አርያምም ጨፈረች፤ ዓይኗ ግን ባዶውን መንገድ ሲያይ ዋለ። የሄደው እሷ በተናገረችው ምክንያት ነው፤ ማንን ትውቀስ?

አርብ ጠዋት ዮፍታሄ በእግሩ መጣ። አንገቱን ደፍቶ፣ ማጅራቱ ላይ ድንጋይ ተሸክሟል።

የአገሩን ወግ የሚያውቅ ሰው ይህ ምን እንደሆነ አይጠፋውም፤ የበደለ ሰው ድንጋይ ተሸክሞ ይመጣል፣ የተበደለው «ይቅር ብያለሁ፣ አውርድ» እስኪለው ድረስ አያወርድም። የበሩ ጥበቃ ግን የአገሩን ወግ ከየት ይወቅ? አድማ ላይ ድንጋይ የያዘ ወንድ ነው ያየው። የመገናኛ ሬዲዮውን አነሣ፣ በስልኩም መቅረጽ ጀመረ።

«አንተ!» አርያም ሮጠች። «አብደሃል? ድንጋይ ወረወሩ ብለው ይከሱናል! ሰኞ እኮ ድርድር ነው! አውርደው!»

«ይቅር በሉኝ።»

«ይቅር ብዬሃለሁ፣ ጣለው!»

«ሁላችሁም» አለ፤ ላቡ በዚያ ብርድ ይወርዳል።

«ከጅል ወዳጅ ብልህ ጠላት ይሻላል» አሉ እትዬ ሃዋ።

አርያም ዞራ ለፊሊፒኖዎቹም፣ ለፑንጃቢዎቹም አድመኞች በእንግሊዝኛ እየተንተባተበች አስረዳች። ተያዩ፤ ሳቁ። ከዚያ አንድ በአንድ፣ በተሰባበረ አማርኛ «ይቅር፣ ይቅር» ይሉ ጀመር።

«ፀሐይወርቅስ?» አለችው።

«ትናንት ኤድመንተን ሄጄ ነበር። በሩን ከፈተችልኝ። ይቅር ግን አላለችኝም።»

«እውነቷን ነው» አለች አርያም ቀስ ብላ።

«እሷ እስክትለኝ እመላለሳለሁ።»

ጥበቃው እየቀረበ ነበር። እትዬ ሃዋ ግን ክንዳቸውን አጣጥፈው ቆሙ።

«እኔ ገና ይቅር አላልኩም። መጀመሪያ ለምን ስትመላለስ እንደነበር በሰው ፊት ተናገር።»

«እትዬ፣ አፍራለሁ።»

«ድንጋይ ተሸክመህ አላፈርክ!»

ዮፍታሄ ጎንበስ እንዳለ «እወዳታለሁ። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እወዳታለሁ» አለ።

አርያም ዓይኗ እንባ ሞላ፣ ንዴቷም አብሮ ሞላ።

«ይህን ቃል ለማለት ግማሽ ደቂቃ አይበቃም ነበር? ስድስት ሳምንት ሙሉ ስለ ሺፍት ከምትጠይቀኝ?»

«አንቺስ?» አላት።

«እኔማ…» ዙሪያዋን አየች። ስልሳ ሰው፣ አንድ ካሜራ። «እኔም እወድሃለሁ፤ ምን ላድርግ እንግዲህ!»

«አውርድ፣ ልጄ» አሉ እትዬ ሃዋ።

ድንጋዩን ከማጅራቱ ስታወርድለት ክብደቱ አስደነገጣት፤ እጆቿ ብቻቸውን አልቻሉትም። እዚያ ጥለውት እንዳይሄዱ ካሜራው አለ። ሁለቱ ግራና ቀኝ ይዘው፣ እሷ እየተቆጣች፣ እሱ እሺ እሺ እያለ፣ ራቅ አድርጎ ወዳቆመው መኪናው ተሸክመውት ሄዱ።