አቤት እስክትል

ፍራሽ ሰፊዋን ከራስ ማዞሩ በላይ ያንገበገባት የሚያምናት ሰው ማጣቷ ነበር። ግማሹ ሰፈር የተኛው እሷ በሰፋችው ፍራሽ ላይ ነው። ስለ ጥጥ ስትናገር ሁሉም አፉን ዘግቶ ይሰማታል። ስለ ገዛ ደረቷ ስትናገር ግን ጆሮ ያለው ሰው አይገኝም። «ፊደል ስላልቆጠርኩ ደረቴም የሰው ደረት መሰላቸው?» ትላለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። የልቧ ምት እየዘገየ ቢያስቸግራት ሐኪሞች ከግራ ትከሻዋ ዝቅ ብለው፣ ከቆዳዋ ሥር፣ ከክብሪት ቀፎ የማይበልጥ መሣሪያ ቀበሩላት። ከመሣሪያው የሚወጣው ቀጭን ሽቦ በደም ሥሯ ገብቶ ልቧ ውስጥ ተተክሏል። ልብ ስትዘገይ መሣሪያው ትንሽ የኤሌክትሪክ ግፊት ይልክና ያስመታታል። ሐኪሞቹ ፔስሜከር ይሉታል። እሷ ግን ስሙ ምላሷ ላይ አልቀና ቢላት «ቀስቃሹ» አለችውና አረፈች።

መጀመሪያ ላይ ቀስቃሹ ሥራውን አሳምሮ ሠራ። ደረጃ መውጣት ቻለች፤ ከጥጥ ነጋዴዎችም ጋር እንደ ድሮዋ ትጨቃጨቅ ጀመር። በኋላ ግን አንዳንድ ቀን ስፌት መኪናዋ ላይ እንደተቀመጠች ወለሉ ከሥሯ ሸርተት ይልባታል። ለአፍታ ዓይኗ ይጨልማል፤ ወዲያው ደግሞ ይመለሳል።

ሱቁን የሚመራው ታላቁ ልጇ ነው። ክፉ ልጅ አይደለም፤ ችኩል ነው። በየጠዋቱ የጨርቅ ጥቅል ተሸክሞ በአጠገቧ ሲያልፍ «እማ እንዴት አደርሽ ደህና ነሽ አይደል ተመስገን» ይላታል፣ በአንድ ትንፋሽ። ጥያቄውንም መልሱንም ራሱ ይዞ ይመጣል፤ ራሱ ይዞ ይሄዳል። እሷ አፏን ስትከፍት እሱ መጋዘን ደርሷል።

አንድ ቀን የሸሚዙን ጫፍ ይዛ አስቆመችው።

«ስማ። ቀስቃሹ አልፎ አልፎ ይሰንፋል። ወለሉ ይሸሸኛል።»

«እማ ደግሞ። ሐኪሞቹ ሲናገሩ አልሰማሽም? መሣሪያው ሥራውን መሥራቱን ራሱ ይከታተላል። እንዲህ ያለ ዕቃ አይሳሳትም።»

«የምሳሳተው እኔ ነኛ።»

«አንቺን የሚያዞርሽ ዕድሜ ነው። እስቲ እሺ በይኝና ከመኪናው ላይ ውረጂ። ስፌቱን ሌላ ሰው ይያዘው፤ አንቺ ቤት ተቀመጪ።»

«ቤት ተቀምጬ ምን ልስፋ፣ ሐሜት?»

ልጁ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም።

«ቀጠሮዬም እኮ አልፏል» አለችው።

«እንሄዳለን። አሁን ሆቴሉ ያዘዘን ፍራሽ ይድረስልን። ደግሞስ መሣሪያው ራሱን ከፈተሸ እኛ ሄደን ምን ልናይ ነው?»

ይህን ሲል ብልህ ነገር የተናገረ መስሎት ነበር። ስንቱ ቤት ውስጥ ነው እንዲህ ያለ ብልህነት ሰው የሚቀብረው።

ባለቤቷ ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሾፌር ነው። የሞተር ጩኸት ጆሮውን በልቶታል። ቀኑን ሙሉ በሱቁ ጥግ ተቀምጦ አሮጌ ፍራሽ ይተረትራል። ስትጠራው «አንተ» ትለዋለች፤ ዝም። «አንተ ሰውዬ» ትላለች ከፍ አድርጋ፤ አሁንም ዝም። «አንተን እኮ ነው፤ ጎረቤት እንኳ ሰማኝ» ስትለው ገና «አቤት» ይላል፣ ያን ጊዜ የተጠራ ይመስል። አቤት እስኪል ድረስ ግን ትታው አታውቅም።

የሆቴሉ ሥራ ሊያልቅ ሲል፣ የትራስ ጠርዝ እየገጠመች ሳለ፣ ወለሉ እንደገና ሸሻት። ያን ቀን ግን ቶሎ አልተመለሰም። ከወንበሯ ተንሸራታ ተሰፍቶ ያለቀው የፍራሽ ክምር ላይ ተዘረረች። ልጇ ሮጦ መጣ።

«እማ፣ እንቅልፍ ወሰደሽ?»

ዓይኗን ገልጣ አየችው። «አዎ፤ ከወንበር ወድቄ ስተኛ ይመቸኛል» አለችው። ቀጥላም፣ «ፍራሽ ሰፊ ሆኜ ተረፍኩ። አናጢ ብሆን ኖሮ ይሄኔ ታለቅሱልኝ ነበር።»

ሽማግሌው ግን መተርተሪያውን ጥሎ ተነስቶ ነበር። ጆሮው ካልሠራ ወዲህ የሰው ፊት ማየት ለምዷል።

«ከንፈሯ ነጥቷል። ታክሲ ጥራ» አለው ልጁን።

«አባዬ፣ ዕድሜ ነው እኮ። ትንሽ ትረፍና...»

«አልሰማህም። ታክሲ ጥራ።»

እውነትም አይሰማም፤ ታክሲው ተጠራ።

ሐኪም ቤት የመሣሪያ ባለሙያዋ ቀይ ወጣት ሴት ነበረች። አሮጊቷን አልጋ ላይ አስተኛቻት፤ ደረቷ ላይ ገመዶች ለጠፈች፤ እጆቿን በራሷ ጭን ላይ አሳረፈችና «እማማ፣ ምን ተሰማዎት?» ብላ ጠየቀቻት። ከዚያ ዝም አለች። አሮጊቷ ሌላ ጥያቄ እስኪከተል ጠበቀች፤ ምንም አልመጣም። ልጅቱ የምትጠብቀው መልስ ነው። ሰፊዋ ገርሟት የወለሉንም፣ የዓይኗንም፣ የልጇንም ነገር አንድ ሳታስቀር ዘከዘከችው። ልጁ ጣራ ጣራውን ያይ ነበር።

«ይሄ ነገር ራሱን ይፈትሻል ይላሉ። በምን ያውቃል?» አለች ስትጨርስ።

«ግፊቱን ልኮ ዝም አይልም፣ እማማ። ወዲያው በዚያው ሽቦ ያዳምጣል። የልብ ጡንቻ ሲመታ የራሱ ምልክት አለው። ምልክቱ ከመጣ ልብ ተቀብላለች ማለት ነው። ካልመጣ ጠንከር አድርጎ ይደግማል።»

«ጠርቶ አቤት እስክትለው ይጠብቃል በይኛ።»

ባለሙያዋ ሳቀች። «ልክ እንደሱ።»

«ታዲያ ከመጀመሪያው ለምን አይጮህም? እኔ ሽማግሌዬን ስጠራ ብዙ ደክሜያለሁ።»

«ሁልጊዜ ከጮኸ ባትሪው ቶሎ ያልቃል። ልብዎ የምትሰማበትን ትንሹን ድምፅ ይፈልግና ለጥንቃቄ ትንሽ ጨምሮበት ይጠራል። ያ ልክ ስለሚለዋወጥ በየጊዜው እንደገና ይለካዋል። አሁን እኔም በእጄ ልለካው ነው። ኃይሉን ቀስ እያልኩ እቀንሳለሁ፤ የተለየ ነገር ከተሰማዎት ይንገሩኝ።»

ማያው ላይ መስመሮች ይዘላሉ። ባለሙያዋ አንዴ ቀነሰች፤ ገና ሁለተኛውን ስትነካ አሮጊቷ የአልጋውን ጠርዝ ጨበጠች።

«ይቺ ናት። መጣች፤ ወለሉ ሄደ።»

ባለሙያዋ ቶሎ ኃይሉን መለሰችው። ልጁ ኃይሉ ሲቀነስ የተሳለውን መስመር ማያው ላይ አየ። መሣሪያው ይጠራል፤ ከጥሪው በኋላ ግን መስመሩ ባዶ ነበር። እናቱ በአንደበቷ ስትነግረው የከረመችው ባዶ ቦታ ያ ነበር።

«ራሱን ይፈትሻል ተብሎ አልነበር?» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ፈትሿል። ልብ መስማት ስታቆም ድምፁን ሲጨምር፣ ሲጨምር ከርሞ ከጣራው ደርሷል። ግን የሽቦው ጫፍ ከተተከለበት ትንሽ ሸሽቷል፤ ሽቦውን መልሶ መትከል የመሣሪያው ሥራ አይደለም፣ የእኛ ነው። የሚያገኘውን ሁሉ ይመዘግባል። በቀጠሮ ካልመጣችሁ ማን ያይለታል? በሽተኛዋስ ስትናገር ካልተሰማች?»

ሽማግሌው ከበሩ አጠገብ «ምን አለች?» አለ።

«ልጅህ አይሰማም አለች» አለችው ሚስቱ፣ ጎረቤት ክፍል እስኪሰማ ድረስ።

ሽቦው በትንሽ ቀዶ ጥገና ወደ ቦታው ተመለሰ። ቁስሉ ሽሮ ክንዷን ማንቀሳቀስ ሲፈቀድላት ሰፊዋ ወንበሯ ላይ ወጣች፤ ውረጂ ያላትም የለም። ቀስቃሹ ይጠራል፣ ልቧ አቤት ትላለች፤ ድምፅ ማባከን የለም። ልጇም የሚቀጥለውን የቀጠሮ ቀን በሱቁ ግድግዳ ላይ በኖራ ጻፈው፤ እሷ ባታነበውም የት እንዳለ ታውቃለች፣ በወስፌዋ እያመለከተች ደንበኛ ሁሉ እንዲያነብላት ታደርጋለች።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ «መሣሪያው ራሱን ይጠብቃል» ብላችሁ የእናት የአባታችሁን ቀጠሮ የምትዘሉ፣ ነገሩን ልብ በሉት። መሣሪያ ማዳመጥ የሚችለውን ያህል ያዳምጣል፤ የቀረው የእናንተ ድርሻ ነው። ደግሞ እንዴት አደርሽ ብሎ መልሱን ሳይሰሙ መሄድ ሰላምታ አይደለም፤ በር አንኳኩቶ መሮጥ ነው። የክብሪት ቀፎ የምታህል ዕቃ ጠርታ መልስ ከጠበቀች እናንተ ምን አቃታችሁ?

አንድ ጠዋት ልጇ እንደ ልማዱ የጨርቅ ጥቅል ተሸክሞ ገባ። «እማ እንዴት አደርሽ ደህና ነሽ አይ...» አለና አፉን ገታ። ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ተመልሶ ፊት ለፊቷ ቆመ።

«እማ፣ እንዴት አደርሽ?»

ሰፊዋ አልቸኮለችም። ክሩን በምራቋ አሾለች፣ መርፌው ውስጥ አስገባች፣ ጫፉን ቋጠረች። ልጁ ከነሸክሙ ጠበቀ። ጥጉ ላይ ሽማግሌው መተርተሩን አቁሞ ፊታቸውን ያያል።

«አቤት» አለችው በመጨረሻ። «ያንን ጥቅል አውርደህ ቁጭ በል። የዛሬው መልሴ ረጅም ነው።»