ሥራው መቼ ቆመ?

የካቲት አልዘነበም። መጋቢትም አልዘነበም። ሚያዝያ ላይ ሁለት ቀን አካፋና ተወ። ክረምቱ ደህና ገባ ሲባል መስከረም መገባደጃ ላይ ውርጭ ወረደና እሸት የያዘውን ገብስ ባንድ ሌሊት አነጣው። ሰው በጎቹን ሸጠ። ተከልሎ የቆየው የጓሳ ሣር ከጊዜው በፊት ለአጨዳ ተከፈተ፤ እሱም አለቀ። ልጆች ማልቀስ ተዉ።

ኅዳር ላይ የእርዳታ ስንዴ ቀየት ቀበሌ ገባ። መጋዘኑ ሦስት መስኮት አለው። ባለተራው ካርዱን ያሳያል፤ ከኋላ ክፍል ያለው ኮምፒውተር ስሙን ፈልጎ ድርሻውን ይናገራል፤ ጆንያው ይመጣል። በዚህ መሀል ካርዱ ቀርቶ ሁሉም በአውራ ጣቱ አሻራ እንዲወስድ ታዘዘ። አሠራሩን ሊለውጥ የተላከው እዚያው ቀየት የተወለደው ምንተስኖት ነበር። ሥራውን በጀመረበት ቀን ከቀትር በፊት በዚያ ክፍል ሞቶ ተገኘ።

ኢንስፔክተር አመተሥላሴ ከመሐል ሜዳ ስትደርስ መስኮቶቹ ተዘግተው ነበር። ወረፋው ግን አልተበተነም። ሰው ባናውን ተከናንቦ ግድግዳውን ተደግፏል። ማሽኑ ገድሎት ከሆነ ስንዴው ነገ ተጭኖ ይመለሳል ተብሏል።

የሟቹ እናት ወይዘሮ አረጋሽ የመጋዘኑ በር ደፍ አጠገብ ተቀምጠዋል። አያለቅሱም። ኢንስፔክተሯ ጎንበስ አለች።

«እማማ አረጋሽ፣ እግዜር ያጽናዎት።»

«የማን ልጅ ነሽ?»

«የማርያማዊት። በሰባ ሰባት በዚህ ስታልፍ አንድ ቁና ገብስ አበድረዋት ነበር። ያዘለችው ልጅ እኔ ነኝ።»

«ብዙ ሰው አለፈ» አሉ አረጋሽ። «ልጄን ማሽን ነው የገደለው?»

«እስኪ ልየው።»

ምንተስኖት በጀርባው ተጋድሟል። ቀኝ እጁ የተቆረጠ የኮረንቲ ገመድ ጨብጧል፤ ገመዱ የአሮጌው ኮምፒውተር ነው። የሱ መስመር ፊውዝ ተቃጥሏል። አመተሥላሴ ጣቶቹን አንድ በአንድ ዘረጋች። መዳፉ ንጹሕ ነው። ከማጅራቱ ከፍ ብሎ ጭንቅላቱ ተፈንክቷል። መደርደሪያው ላይ የድሮ ሚዛን ብረቶች አቧራ ለብሰው ተደርድረዋል፤ አንዱ ብቻ ታጥቧል። ከብረቶቹ ጎን አንድ ዳቦ የምታህል ጥቁር ሣጥን አረንጓዴ መብራቷን ታበራለች።

መጀመሪያ ያስጠራችው ተሸካሚውን ወንድምአገኝን ነው።

«ዛሬ ሥራው መቼ ቆመ?»

«የት ቆሞ! ጀርባዬን ይጠይቁት።»

«ለትንሽ ጊዜ እንኳ?»

«ቢቆምማ ቁጭ ባልኩ ነበር። ምንተስኖት፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ‹ዛሬ አታርፍም ወንድሜ› እያለ ሲቀልድብኝ ነበር። እስከ ጩኸቱ ድረስ ተሸከምኩ።»

የጮኸችው የመስኮት ሠራተኛዋ ውባየሁ ናት። ቆሎ ልታቀምሰው ብትገባ ወድቆ አገኘችው። ስትናገር ዓይኗ መሬት ላይ ነው።

«ማሽኑን ሲለውጥ ለምን አላቆማችሁም?»

«እሱ እምቢ አለ። ‹ከራቤል በእግሩ የመጣን ሰው ብርድ ላይ አላቆምም› አለ። ሣጥኗን ካሮጌው ጎን አስቀመጠና መስኮቶቹን አንድ ባንድ ወደሷ አሻገረ። ባሮጌው የጀመረ ባሮጌው ይጨርሳል፤ አዲስ የመጣ በጣቱ ይጀምራል። የተጫነች አህያ እየሄደች ጭነቷን ወደ ሌላዋ እንደማዛወር ነው አለኝ።»

«መች ጨረሰ?»

«ረፋድ ላይ ሦስቱም መስኮት ተሻግሮ ነበር። አሮጌውን ትንሽ ልየው ብሎ ሳያጠፋው ተወው። ባዶውን ነበር የሚበራው።»

የመጋዘኑ ኃላፊ አቶ ተክለጻድቅ ከስተዋል፤ ኮታቸው ትከሻቸው ላይ ተንጠልጥሏል። ጆንያ የሚፈቱበትን ሰንጢ እንደያዙ ዕቃ ቤታቸው ውስጥ አገኘቻቸው።

«ልጁን መጨረሻ ያዩት መቼ ነው?»

«ጠዋት፣ ልጄ። ደህና አደርክ ብዬው እዚህ ገባሁ።»

«ከዚያስ?»

«ረፋድ ላይ ያ ማሽን ድርግም ሲል ሥራው ቆመ። ይሄን ሁሉ ሕዝብ አስቁሞ! ለአለቆች ልደውል ኔትወርክ ፍለጋ ጉብታው ላይ ወጣሁ። ስመለስ ጩኸት ሰማሁ።»

«ሥራው ሲቆም ሰዉ ምን አለ?»

«የራበው ሰው ምን ይላል? ዝም ነው።»

«ድሮ ወፍጮ ነበረዎት አሉ። ድንጋዩ ሲወቀር ሞተሩ ይዞራል?»

«ምን ማለትሽ ነው? አቁመሽ ነው እንጂ!»

አመሰግናለሁ ብላ ወጣች።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ሦስቱንም መስኮቱ ፊት አቆመቻቸው። አረጋሽም ተነሥተው መጡ። ወረፋው ተጠጋ።

«ኮረንቲ አልገደለውም» አለች። «ኮረንቲ የያዘው መዳፍ ይቃጠላል፤ የሱ ንጹሕ ነው። ገመዱን ያስጨበጡት ከሞተ በኋላ ነው። የተመታው በሚዛን ብረት ነው። ሌሎቹ ብረቶች አቧራ ለብሰዋል፣ አንዱ ታጥቧል።»

የተቆረጠውን ገመድ ከፍ አድርጋ አሳየች።

«ገዳዩ ገመዱን ቆረጠ። ሞቱን የኮረንቲ ያስመስላል፤ አሠራሩም ሳይለወጥ ይቀራል። ማሽኑ ሲጠፋ ሥራው ሁሉ የቆመ መሰለው። ሥራው ግን ወደ ትንሿ ሣጥን ተሻግሮ ነበር።» ወደ ወረፋው ዞረች። «ዛሬ ጠዋት እደላው ቆሞ ነበር?»

«እስከ ጩኸቱ ሲሰጡን ነበር» አሉ አንዲት ባልቴት። ሌሎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ወንድምአገኝ አልቆመም አለኝ። ውባየሁም አልቆመም አለችኝ። እዚህ ግቢ ውስጥ ሥራው ቆመ ያለኝ አንድ ሰው ብቻ ነው። አሮጌው ማሽን መጥፋቱን ውጭ ያለ ሰው አላወቀም። ከዕቃ ቤትም አይታይም። ሥራው ቆመ ብሎ ሊያምን የሚችለው ማሽኑ ሲጠፋ አጠገቡ የነበረ ነው። ጋሽ ተክለጻድቅ፣ ሰንጢዎን ያሳዩኝ።»

ሽማግሌው ሰንጢውን ከኪሳቸው አወጡ። ስለቱ መሀል ላይ ተቃጥሎ ተሸርፏል። ኮረንቲ ያለበት ገመድ የበላው ነበር።

«ሙታን ጣት የላቸውም አለኝ» አሉ፣ ድምፃቸውን ከፍም ዝቅም ሳያደርጉ። «የሞቱትን ካርድ እኔ ነበርኩ የያዝኩት። በነሱ ስም ስንዴ አወጣ ነበር። ‹ከዛሬ ወዲያ አይቻልም ጋሼ› ብሎ ወደ ማሽኑ ዞረ። ቤቴ ሰባት አፍ አለ።»

አረጋሽ ወደሳቸው ቀረብ አሉ።

«ብትነግረኝ ከድርሻዬ እቆነጥርልህ ነበር» አሉ።

ሰንጢውን ኢንስፔክተሯ በወረቀት ጠቀለለችው። አቶ ተክለጻድቅ ሳይጠየቁ መኪናው ላይ ወጡ። ውባየሁ መስኮቱን ከፈተች። መጀመሪያ የቆሙት አረጋሽ ነበሩ፤ አውራ ጣታቸውን አሳረፉ፤ ሣጥኗ ስማቸውን አወጣች። ወንድምአገኝ ጆንያውን ተሸከመ። ሲሸከም ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ነበር።

ከአርባው በኋላ አመተሥላሴ ተመልሳ መጣች። መለዮዋን አልለበሰችም። በነጠላ የተሸፈነ ቁና ይዛለች። ገብሱ እስከ አፉ ሞልቶ ከላይ ተቆልሏል።

«እናቴ እስክትሞት ስትናገረው ነበር» አለች።

አረጋሽ ቁናውን ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ። ጥቂት ፍሬ ዘግነው አዩት፤ መለሱት። ከዚያ በመዳፋቸው ጠርዙን ጠርገው የተቆለለውን ነጠላዋ ላይ አፈሰሱላት።

«እኔ የሰጠኋት በልኩ ነበር» አሉ።