በኮስማች ምድር ቤት የቆሙት ሁለት መኪኖች

በየካቲት ወር አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ ከሸለቆው በላይ በተራራው ወገብ ላይ በተሠራው የኮስማች ቤት አምስት ሰዎች ነበሩ፦ የቤቱ ባለቤት ሽማግሌው የርኔይ ኮስማች፣ አብራው የምትኖረው ልጁ ኔዣ፣ ከዋና ከተማው ከሉብሊያና ሊጠይቀው የመጣው ወንድ ልጁ ጎራዝድ፣ የጎራዝድ ሚስት ታዴያ፣ እንዲሁም በረዶ ያስቀረው የመኪና ሻጭ ዝማጎ። ረፋዱ ላይ ግን በሕይወት ያሉት አራት ብቻ ነበሩ።

ሬሳውን ያገኘችው ኔዣ ናት። ከደጅ በረዶ ስትዝቅ ቆይታ አካፋዋን ልታስቀምጥ በጎን በር ወደ ምድር ቤቱ ስትገባ የሞተር ጭስ ሽታ አፍንጫዋን መታት። እዚያ ለሙከራ የመጡ ሁለት ትንንሽ፣ ከፍ ያሉ መኪኖች ጎን ለጎን ቆመዋል። ቀዩ ቤንዚን ብቻ የሚጠጣ ነው፤ ነጩ በሶኬት በሚሞላ ባትሪም በቤንዚንም የሚሄድ ሃይብሪድ። አባቷ በነጩ ውስጥ ከመሪው ኋላ ተቀምጧል። ጉንጩ ቀልቶ ጤነኛ ይመስላል።

«አባባ፣ ይህን መኪና ስታጣጥለው አምሽተህ አሁን ምን ትሠራበታለህ?» አለችው።

ከዚያ እጁን ነካችው።

ኢንስፔክተር ማይዳ ቪድሪህ በበረዶ ጠራጊው መኪና ተሳፍራ ደረሰች። ጡረታዋ የቀረበ፣ ድምፅዋ የጎረነነ ሴት ናት። እንደ አገሩ ደንብ በራፉ ላይ ቦት ጫማዋን አውልቃ ከቅርጫቱ ግራጫ የእንግዳ የቤት ጫማ አደረገች። ጠራጊው ወደ ታች እንደተመለሰ ከኋላው የበረዶ ናዳ ወርዶ መንገዱን ዘጋው።

«እንግዲህ እስኪከፈት ድረስ እኔ የእናንተ እስረኛ ነኝ፤» አለች ማይዳ። «ወይም እናንተ የእኔ።»

ኔዣ መስኮቱ ጋ ቆማ ወደ ውጭ አየች። ከመስታወቱ ወዲያ በረዶ እንጂ ሌላ ነገር አይታይም። አውቶቡሱ ወደ ላይ መውጣት ካቆመ ወዲህ ዓመታት እንዲህ ሄደውባታል፤ አባቷን ስትጦር፣ መስኮት ስታይ። ሰኞ ታች ከተማው ሆስፒታል ሥራ ትጀምር ነበር። መኪና ከተገዛላት ነው እንጂ፣ አለበለዚያ ሥራውም የለም። አሁን ደግሞ የሁሉም ዓይን እሷ ላይ ነው። ሰኞ የምትወርደው ወደ ሆስፒታሉ ይሁን ወደ እስር ቤት አታውቅም።

ማይዳ ወጥ ቤት ጠረጴዛው ጋ ተቀምጣ፣ ኔዣና ዝማጎ ባሉበት ጎራዝድን ጠየቀችው።

«ትናንት እራት ላይ ምን ተባለ?»

«ስለ መኪና ነዋ! ሌላ ወሬ መቼ ነበር? እኔ ቤንዚኑን አልኩ። በዚህ ዳገት፣ በዚህ ውርጭ፣ ያን ሁሉ ባትሪ አዝሎ የሚወጣ መኪና ምን ያደርጋል? መብራት የጠፋ ቀንስ? ኔዣ ግን ሃይብሪዱ ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ አለች። ሌሊት በርካሽ መብራት ከቤትሽ ትሞዪዋለሽ፣ ከተማ ደርሰሽ ስትመለሺ ቤንዚን ጠብታ አይነካም ብሎ ይህ ሰውዬ አሳመናት።»

«አሳመንኳት እንጂ አልዋሸኋትም፤» አለ ዝማጎ። «ሩቅ ለሚሄድ ሰው ቤንዚኑን እመክራለሁ። በየቀኑ ታች ወርዳ ለምትመለስ ግን ነጩ ነው።»

«አባታችሁስ?» አለች ማይዳ።

«አባባማ ሁለቱንም ሰደበ። በሬ ይሻላል አለ።» ጎራዝድ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እሷም ‹ካልገዛህልኝ እዚሁ ትቀብረኛለህ፤ ወይ እኔ እቀብርሃለሁ› አለችው። ሁላችንም ሰምተናል።»

«ተናድጄ ያልኩት ነው!» ብላ ኔዣ ጮኸች። «አንተስ ስትናደድ ስንት ነገር ትል የለም?»

«እኔ ምን አልኩ? የሰማሁትን ነው የተናገርኩት።»

«አሟሟቱስ እንዴት ይመስልሃል?» አለች ማይዳ።

«መኪናውን ሊያይ ወርዶ ማሞቂያውን ከፈተ። በብርድ ጊዜ ማሞቂያው ሲከፈት የሃይብሪዱ ሞተር በራሱ ይነሳል፤ ዝማጎ ትናንት ነግሮናል። ምድር ቤቱ ዝግ ነው፣ ጭሱ አፈነው።» ወደ እህቱ ዞረ። «ወይም ደግሞ ሰው ይዞት ወርዶ አስነስቶለት ይሆናል።»

ኔዣ ከመስኮቱ ዞራ አየችው። አብሯት ያደገ፣ ከአንድ ሳህን አብሯት የበላ ወንድሟ ነው።

ማይዳ ኔዣን አስከትላ ወደ ምድር ቤቱ ወረደች። የሁለቱም መኪኖች ጀርባ ወደ ተለሰነው ግድግዳ ዞሯል። በነጩ ጎን የተሰካው ገመድ እስከ ግድግዳው ሶኬት ተዘርግቷል፤ አረንጓዴ መብራቱ ይበራል።

«ገመዱን ማን ሰካው?»

«እኔ ነኝ፣ ትናንት ማታ። ከዚያ ወዲህ አልነካሁትም።»

ማይዳ ነጭ መሐረብ አውጥታ በጣቷ ጠቅልላ የነጩ መኪና የጭስ መውጫ ማርሚታ ውስጥ ከተተች። ደረቅ ሆኖ ወጣ። በመሐረቡ ሌላ ጫፍ የቀዩን ስትነካ ረጥቦ ጠቆረ። ከቀዩ በስተኋላ ያለው ግድግዳም ላይ ጥቀርሻ ያረፈበት እርጥብ ክብ አለ። ቀና ብላ ጣሪያውን አየች። እዚያ ማገዶ ወደ ላይ የሚሳብበት የእንጨት ክዳን ገርበብ ብሏል።

«ይህ ወዴት ያወጣል?»

«ምድጃው ወዳለበት ክፍል። አባባ ከቁርስ በኋላ እዚያ አግዳሚው ላይ ጋደም ይላል። ክዳኑን ዝጋ ብለው አይሰማም።»

ማይዳ በመጨረሻ የሟቹን እግር አየች። ግራጫ የቤት ጫማ አድርጓል። ወደ ምድጃው ክፍል ወጣች፤ ተንበርክካም ከአግዳሚው ሥር ቡናማ፣ ተረከዙ የተጣፈ የቆዳ ጫማ ጎትታ አወጣች።

«የማን ነው?»

«የአባባ። እኔ ነኝ የጣፍኩለት።»

«እሺ፤» አለች ማይዳ። «እሺ» የተባለው ለደግ ይሁን ለክፉ ለኔዣ ሊገባት አልቻለም።

ታዴያ ፎቅ ላይ አልጋው ጫፍ ተቀምጣ ነበር። በበረዶ ሸርተቴ ወድቃ ቀኝ እጇ እስከ ክርኗ በጀሶ ታስሯል።

«ጠዋት የት ነበርሽ?»

«መታጠቢያ ቤት። በዚህ እጅ ፀጉር ማጠብ ይቻላል? ጎራዝድን ከታች ጠርቼ ጠርቼ ነው የመጣልኝ። አጠበልኝ፣ አደረቀልኝ፣ እኔም እንደ ልማዴ ‹እንዲህ አይደለም፣ እንዲያ ነው› እያልኩ አቆየሁት።» የማይዳን ፊት አየች። «ምን አጠፋሁ?»

«አንቺ ምንም፤» አለች ማይዳ።

ሲመሽ ሁሉንም ወጥ ቤት ሰበሰበቻቸው። ጠረጴዛው ላይ የጎመንና የባቄላ ሾርባ ቀርቧል፤ ማንኪያ ያነሳ ግን የለም። ውጭ ነፋሱ በረዶውን እያነሳ በሩ ላይ ይቆልላል።

«ዝማጎ፣» አለች ማይዳ፣ «ገመዱ እንደተሰካ መኪናው ይነሳል?»

«በጭራሽ። ሰው ረስቶ ገመዱን በጥሶ እንዳይሄድ ተብሎ ነው የተሠራው። ማሞቂያው ቢከፈት እንኳ ከግድግዳው መብራት ነው የሚሠራው፤ ሞተሩ አይነሳም።»

«እስካሁን ለምን ዝም አልክ?»

«ማን ጠየቀኝ? ደግሞም...» ሻጩ አንገቱን ደፋ። «የኔ መኪና ሰው ገደለ ሲባል ደነገጥኩ። አፌን ብከፍት የሚብስብኝ መሰለኝ።»

«ሞተሩ እንዳልተነሳ ማርሚታውም መስክሯል። የነደደው ቀዩ ነው። ጭሱ በማገዶው ክዳን ወጥቶ ሽማግሌውን አግዳሚው ላይ እንደተኙ ነው ያገኛቸው። እንግዲህ ሬሳ በራሱ አይወርድም፤ ተሸክሞ ያወረዳቸው ሰው አለ።»

«ኔዣ ጠንካራ ናት፤» አለ ጎራዝድ። «በረዶ ስትዝቅ አይተሃታል፣ ዝማጎ።»

«ጠንካራ ናት፤» አለች ማይዳ። «ግን ያወረዳቸው ሰው ባዶ እግራቸውን ወደ ምድር ቤት ወረዱ ቢባል ማንም እንደማያምን ስለገባው ጫማ አደረገላቸው። የትኛውን? ይህን የኔን ዓይነት፣ ከበሩ ቅርጫት የተነሳ የእንግዳ ጫማ። የሳቸው ጫማ አግዳሚው ሥር ነበር። የአባቷን ጫማ በገዛ እጇ የጣፈች ልጅ በገዛ ቤታቸው እንግዳ ታደርጋቸዋለች?»

ኔዣ አፏን በእጇ ያዘች። ከረፋዱ ጀምሮ ደረቷ ላይ የተጫነው ድንጋይ ተንከባለለ፤ ከሥሩ ግን ሌላ፣ የባሰ ድንጋይ ብቅ አለ።

«እንግዲህ ሦስት ቀራችሁ። ታዴያ በአንድ እጇ ሰው አትሸከምም። ዝማጎ ገመድ የተሰካበት መኪና እንደማይነሳ ያውቃል፤ ቢያደርገው ኖሮ ገመዱን ይነቅል ነበር። ዕድሜውን ሁሉ ቤንዚን የነዳ ሰው ግን ገመዱን አያየውም።»

ታዴያ ባሏን አየች። «ጎራዝድ፣ ከታች ስጠራህ ምን ታደርግ ነበር?»

ጎራዝድ የሾርባ ሳህኑን ገፋ አደረገ።

«ልጨርስልህ?» አለች ማይዳ። «ቀዩ በውርጭ እንዴት እንደሚነሳ ለአባትህ ልታሳይ ሞተሩን አስነሳህ። ትልቁን በር በረዶው ስለያዘው አልከፈትከውም። ‹ትንሽ ብቻ ይሙቅ› አልክ። ሚስትህ ጠራችህ፣ ወጣህ፣ ረሳኸው።»

«ጠዋት አባባ ነግሮኝ ነበር፤» አለ ጎራዝድ፤ ድምፁ ከጉድጓድ የሚወጣ ይመስላል። «‹ነጩን ልገዛላት ነው፣ ለምሳ እነግራታለሁ› አለኝ። ሐሳቡን አስቀይረዋለሁ ብዬ ነው። ስመለስ ሞተሩ ይጮሃል። አጥፍቼ ወደ ላይ ሮጥኩ... ተኝቷል። የተኛ ነው የመሰለኝ!»

«ነጩን?» አለች ኔዣ። «ነጩን አለ?»

«አዎ።»

«ይህን እያወቅህ ነው ከረፋዱ ጀምሮ በኔ ላይ ስትጠቁም የዋልከው?»

«አልገደልኩትም፣ ኔዣ። በእናታችን! ፈራሁ። ካንቺ መኪና ውስጥ ከተገኘ የመኪናው ጥፋት ይባላል ብዬ ነበር። ኢንስፔክተሯ ስትጠይቀኝ ግን...»

«ግን እኔ ይሻላል አልክ።»

ጎራዝድ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ታዴያ ጀሶ ያልታሰረበትን እጇን ወደ ትከሻው ዘረጋች፤ ከመድረሷ በፊት መልሳ ሰበሰበችው።

«አባትህን የገደለው መዘንጋት ነው፤» አለች ማይዳ። «ዳኛውም እንዲያ ያየው ይሆናል። እህትህ ላይ ያደረግኸው ግን መዘንጋት አይደለም።»

ያን ሌሊት የትም የሚኬድበት መንገድ ስላልነበረ አምስቱም እዚያው አደሩ። ኔዣ የክፍሏን በር ቆልፋ ተኛች፤ በዚያ ቤት ስትቆልፍ የመጀመሪያዋ ነው።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ጠራጊው ናዳውን ሰብሮ መጣ። ጎራዝድ ከማይዳ ጋር ወረደ፤ ታዴያ ዝማጎ በሚነዳው ቀይ መኪና ከኋላ ተከተለቻቸው። ሐሙስ ሽማግሌው የርኔይ ተቀበረ። ሆስፒታሉ ኔዣን አንድ ሳምንት ጠበቃት፤ በተከታዩ ሰኞ ገመዱን ነቅላ የራሷ የሆነውን ነጭ መኪና ነድታ ሥራ ገባች።