ከበሩ ያልወጣው ቀለበት

እዚህ ሉዊዚያና፣ በእኛ ረግረግ ዳር፣ የመርከብ ሠሪ ልጅ ሚስት ሲፈልግ ወርቅ ቤት አይሄድም። ለሚሠራት መርከብ የመጀመሪያው የመዳብ ቧንቧ ሲቆረጥ ከተራፊው ቀለበት ያወጣል፤ ይሞርደዋል፣ ይወለውለዋል። ከዚያ ማታ ሥራ ሲለቀቅ፣ በር ላይ፣ ሰው ሁሉ እያየ ይጠይቃታል። የእናቴም ቀለበት ከአንድ ጎታች ጀልባ የወጣ ነው።

እኔ ኖኤሊ ደግሞ የዚያ በር ጠባቂ ነኝ። ተራ በር እንዳይመስላችሁ!

ግቢያችን ሊዘጋ ምንም አልቀረውም ነበር። ትልቅ የባሕር መርከብ ሥሩልን ያሉን ሰዎች ተገኙ፤ ግን ሞተሩም ቧንቧውም ከባሕር ማዶ ነው የሚመጣው፣ ቀረጡን አስቀድሞ ለመክፈል ደግሞ አቅም የለንም። ግቢው ነፃ የንግድ ቀጣና እንዲሆን ዋሽንግተን የፈቀደ ዕለት የቤተ ክርስቲያኑ ደወል ተደወለ፤ አባቴ አለቀሰ። የመጣው ዕቃ መርከብ ሆኖ እስኪወጣ ድረስ ቀረጥ አይጠየቅበትም። በምላሹ ከአጥሩ ውስጥ ቁርጥራጭ እንኳ ያለ ጉምሩክ ፈቃድ ንቅንቅ አይልም። ካጠፋን ፈቃዱ ይነጠቃል፤ ከተማው እንጀራውን ያጣል።

ላንድሪን ያወቅኩት እዚያው በር ላይ ነው። ከወንዙ ራስጌ ካለ ከተማ የመጣ አዲስ በያጅ ነበር።

«ምሳ ዕቃህን ክፈት» አልኩት።

«የጋምቦ ሾርባ ነው እመቤቴ። ቀረጥ አለበት እንዴ?»

«ሽታው ብቻ ያስቀጣል!»

በማግስቱ ሳልጠይቀው ከፈተ፤ ግማሹን አስተርፎልኛል። «ይወረስ» አለኝ። ወረስኩት። ከዚያ ወዲያ ማታ ማታ እየወረስኩ ከረምኩ። አንዳንዴ ዓይኑን ከዓይኔ ሳይነቅል ክዳኑን መግጠም ይረሳል፤ ከኋላው የተሰለፉት ያፏጩበታል። እኔስ? ወድጄዋለሁ፣ ምኑን እደብቃለሁ።

አንድ ማታ ጓንቱን አውልቆ መዳፉን ዘረጋ። ቀለበት! ሰልፉ ሁሉ አንገቱን አሰገገ።

«ኖኤሊ፣ ታገቢኛለሽ?»

ልቤ አዎ ብሎ ጨርሷል። ዓይኔ ግን መዳቡ ላይ ወደቀ። የባሕር ማዶው ቧንቧ ነው። ይሄ የዋህ፣ ልማዱን አይቶ አጥሩን ረስቷል! ግቢውን የሚቆጣጠረው የጉምሩክ ሰው ደግሞ ከጀርባዬ ተቀምጦ ጋዜጣ ያነባል። ቃል ብተነፍስ ላንድሪ ሌባ ተብሎ ይያዛል።

«መልሰው» አልኩት።

ክው አለ። «ምን?»

«ወደ ውስጥ መልሰው!»

ቀለበቱን ጨብጦ ተመለሰ። ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ከዚያ ወዲያ ሆድና ጀርባ ሆንን። ምሳ ዕቃውን ባዶውን ከፍቶ፣ ሌላ ሌላውን እያየ ያልፋል። ላስረዳው ስቀርብ ይፈጥናል፤ እኔንም ኩራት ያዘኝ። መርከቧ ውሃ እንደነካች ላንድሪ ለሥራ ወደ ሚሲሲፒ ሊሄድ ነው ሲሉ ሰማሁ። እህል አልወርድ አለኝ።

አባቴ ክሎቪስ፣ ሽማግሌው በያጅ፣ ነገሩን አወጣጣኝ።

«መልሰው ብቻ ነው ያልሽው?»

«አዎ አባባ።»

«ወይ አንቺ ልጅ! የመለስሽው ቀለበቱን ይሁን ፍቅሩን በምን ይወቅ? በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም። ሂጂ ንገሪው!»

ከምጠብቀው በር አልፌ መርከብ ሆድ ውስጥ ገብቼ አላውቅም ነበር። መሰላሉን ስወርድ ሞተሩን አየሁት፤ ቤተ ክርስቲያናችንን ያህል ቆሟል። ቧንቧዎቹ ወደ ላይ ወጥተው ጨለማ ውስጥ ይጠፋሉ። ይህን ሁሉ የገጣጠመው ምሳ ዕቃውን የምፈትሽው ሰው ነው? አምላኬ! ብረቱን ተደግፌ ቆምኩ። ላንድሪ ከሥሩ ተንበርክኮ ይበይዳል።

«መዳቡን ነው የከለከልኩት» አልኩት። «አንተን አይደለም። የጉምሩኩ ሰው ከኋላዬ ነበር።»

መከለያውን ከፊቱ አነሳ።

«ተራፊው ጭምር?»

«ተራፊው ጭምር።»

«እኔ ከብቱ!» ብሎ ግንባሩን መታ። ከደረት ኪሱ ቀለበቱን አወጣ፤ ማታ ከመሣሪያው ጋር እዚሁ ትቶት፣ ቀን ይዞት ነው የሚውለው ለካ። «ታዲያ ይሄንን ምን እናድርገው?»

ቀና ብዬ ያችን ግዙፍ መርከብ አየሁ። «ከዚህ አጥር ውስጥ እሷ እንደሆነች መውጣቷ አይቀርም» አልኩት።

ገባው። አለቃውን አስፈቅዶ ቀለበቱን ከተቆረጠበት ቧንቧ ጎን በየደው። ጣቴን አስጠግቼ ሙቀቱ እስኪበርድ ጠበቅኩ።

መርከቧ ውሃ የምትነካ ዕለት ከተማው በሙሉ ከወንዙ ማዶ ተሰልፏል። ቄሱ ባረኩ። መያዣው ሲቆረጥ መጀመሪያ ምንም ድምፅ አልነበረም። ከዚያ ያ ተራራ በጎኑ ተንሸራተተ፤ ምድር ተንቀጠቀጠች፤ ወንዙ ተነሥቶ ቆመና ሁላችንንም አጠበን። መርከቧ ዘንበል አለች፣ ወደቀች ስንል ቀና አለች። ማንም አላጨበጨበም። አባቴ ባርኔጣውን አውልቆ አፉን ከፍቶ ቀረ፤ ዕድሜውን ሙሉ መርከብ የሠራ ሰው!

ላንድሪ የራሰ እጄን ያዘ።

«ኖኤሊ፣ መልሱን አልሰጠሽኝም እኮ።»

«አዎ» አልኩት፣ ሰው ሁሉ እየሰማ።

ዛሬም ጣቴ ባዶ ነው። አዲስ የሚመጡ ሴቶች «ባልሽ ቀለበት አላሠራልሽም?» ይሉኛል።

«ሠርቶልኛል» እላቸዋለሁ። «ባሕር ላይ ነው።»